ለክፉ ቀን የተቀመጠው ጄኔሬተር

የጋሽ ደምሰውን ሞት የነገረኝ ባለሱቁ ሸምሱ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሱቁ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ቲቸር! ሽማግሌው እኮ ዐረፉ» አለኝ። በአቃቂ ሽማግሌ የሚባል ሌላ ሰው የሌለ ይመስል ስም አልጠራም፤ እኔም ማን ብዬ አልጠየቅኩም። እግዜር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። ሰኔ ገብቶ፣ ሰማዩ በየረር በኩል ጠቁሮ ነበርና «እንግዲህ ዘንድሮ ጄኔሬተሩን ማን ሊሞክረው ነው?» አልኩ በሆዴ። ወዲያው በራሴ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ በእሳቸው ተናደድኩ። ከግቢያቸው ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ! ሰውዬው ሞተው እንኳ ስለዚያ ማሽን ያሳስቡኛል።

አከራዬ ነበሩ። እንደ ብዙ የዕድሜ እኩዮቻቸው እሳቸውም ጉልበታቸውን የጨረሱት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ኖረው፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ ወጡ። እሳቸው ከግምጃ ቤቱ ወጡ እንጂ ግምጃ ቤቱ ከእሳቸው አልወጣም። ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ ተንጠልጥሎ ስለሚውል ከሰውዬው በፊት ድምፃቸው ይመጣል። ቡፌያቸው ውስጥ ከነካርቶኑ የተደረደረ ብርጭቆ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ውሃ የሚሰጡት በጣሳ ነው። «ብርጭቆውስ ጋሽ ደምሰው?» ስንላቸው ጠቋሚ ጣታቸውን ወደ ላይ ይቀስሩና «እሱ ለሌላ ጊዜ ነው» ይላሉ። እዚያ ግቢ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሌላ ጊዜ የሚባለውን ነገር አላየሁትም።

ጄኔሬተሩ የመጣው መብራት በፈረቃ በነበረበት ዓመት ነው። ልጃቸው ሰለሞን በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወደብ ሲመለስ ጭኖላቸው መጣ። እንደ ሌላው ጄኔሬተር ቤንዚን ወይም ናፍጣ አይጠጣም፤ የሚሠራው ለምድጃ በሚገዛው የሲሊንደር ጋዝ ነው። የሰፈሩ ሰው እየተጠራራ ሊያየው መጣ። እኛ ተከራዮቹማ ዕጣ የወጣልን ያህል ተደሰትን። እኔ የተማሪዎቼን ደብተር በሻማ ማረም ቀረልኝ ብዬ እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ምን ዋጋ አለው!

በየዓመቱ የሰኔ ሚካኤል ባለፈ ማግስት አንድ ሥነ ሥርዓት አለ። ጋሽ ደምሰው ጄኔሬተሩን ከመኝታ ቤታቸው ያወጡታል። አዎ፣ ከመኝታ ቤታቸው። መጀመሪያ የማዳበሪያ ከረጢቱ ይገፈፋል፣ ቀጥሎ ብርድ ልብሱ፣ ቀጥሎ ላስቲኩ። የአቃቂን ጎርፍ ስለሚያውቁ ድንጋይ ደርድረው፣ በላዩ የእንጨት ርብራብ ሠርተው፣ ጥሩ የቆርቆሮ ጣሪያ አልብሰውለታል። በዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል። የእኔ ክፍል ጣሪያ ክረምት ከበጋ ያፈስ ነበር፤ የማሽኑ ጣሪያ ግን አንድም ቀን አላፈሰሰም። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ተከራይ በሙሉ ይጠራል። መቅረት የለም። የታመመም ጋቢውን ደርቦ ይወጣል።

«ስሙኝ!» ይላሉ ያችን ጣት ቀስረው። «ይሄ ነገር ቤት ውስጥ አይነሣም። ጭሱ አያስልህም፣ አያስነጥስህም፤ እንቅልፍ እንደወሰደህ ይዞህ ይሄዳል። ከመስኮት ይራቅ። ከመነሣቱ በፊት ደግሞ ቆጣሪው ጋ ያለው ዋናው ማጥፊያ ይወርዳል። ካልወረደ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ምሰሶ ላይ ይወጣል። ምሰሶው ላይ ማን አለ? የሰው ልጅ! ሊጠግንልህ የወጣውን የሰው ልጅ ትገድላለህ። ገባህ?»

ገብቶናል። በመጀመሪያው ዓመት ገብቶናል። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ዓመት ያችኑ ንግግር ያችው ቦታ ላይ ቆም እያሉ ሲደግሙልን ገብቶናል። ከዚያ በጣሳ የሳሙና አረፋ ይመጣል። ከሲሊንደሩ ወደ ማሽኑ የሚሄደውን ጎማ ከዳር እስከ ዳር በአረፋው ይቀቡታል። «እዩ! ጋዝ የሚያፈተልክ ከሆነ አረፋው ይነፋል። ካልተነፋ ጎማው ደህና ነው።» አልተነፋም። ገመዱን ይስባሉ፣ ማሽኑ ይነሣል፣ አምፖል ፀሐይ ላይ ይበራል። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዩትና «ሠርቷል» ብለው ያጠፉታል። ላስቲኩ ይለብሳል፣ ብርድ ልብሱ ይለብሳል፣ ከረጢቱ ይለብሳል። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «እንዳይሰንፍ» እያሉ ትንሽ ያስነሡታል፣ መልሰው ያጠፉታል። ማሽኑ ለግቢው የሰጠው አገልግሎት ይኸው ነው፤ መብራት ባለበት፣ ፀሐይ በወጣችበት፣ አንዳችን እንኳ ባልፈለግነው ሰዓት ማብራት።

መብራት ሲጠፋስ? ለጋሽ ደምሰው ጨለማ ሁሉ አንድ አይደለም። መቆራረጥ አለ፣ መጥፋት አለ፣ ክፉ ቀን አለ። ጄኔሬተሩ የተቀመጠው ለክፉ ቀን ብቻ ነው።

«ጋሽ ደምሰው፣ መብራት እኮ ከትናንት ጀምሮ የለም» እላቸዋለሁ በራቸውን አንኳኩቼ።

«መቆራረጥ ነው።»

«ከትናንት ጀምሮ?»

«ረዘም ያለ መቆራረጥ ነው፣ የኔ ልጅ። ቆይ።» ይገቡና ሻማ ይዘውልኝ ይወጣሉ። በገዛ ገንዘባቸው የገዙትን ሻማ! ለሁሉም ተከራይ በየበሩ እየዞሩ ያድላሉ። ስስታም ቢሆኑ ኖሮ ሰድቤያቸው ይወጣልኝ ነበር። ስስታም ደግሞ አይደሉም፤ እኔን ያበገነኝም ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት መብራት ሄደ። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ በግቢው በር ላይ ተኮልኩሎ ለመናቸው። «ኳስ ክፉ ቀን ነው?» ብለው መለሷቸው። ከዚያ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮናቸውን ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው፣ በረንዳቸው ላይ ቆመው ውጤቱን ራሳቸው ይነግሩን ጀመር። ለሌላ ከልክለው ለራሳቸው ቢጠቀሙም አንድ ነገር ነበር። ልጃቸው ሰለሞን ሲያገባ፣ በቅልቅሉ ዕለት፣ ድንኳኑ በሰው ጢም እንዳለ ድርግም አለ። የሙሽራዋ አባት «ጄኔሬተር አላቸው ሲባል ሰምቼ ነበር» አሉ በጨዋ ደንብ። ጋሽ ደምሰው «አዎን፣ አለን» ብለው በኩራት ነቀነቁ፤ ከመቀመጫቸው ግን አልተነሡም። ዶሮ ወጡን እየዳበስን በላን። የኔ ጉርሻ ከማን ሳህን እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። ሸምሱ ከጎኔ ተቀምጦ «ቲቸር፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ» ብሎ አንሾካሾከልኝ።

ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። ፋብሪካ ሳሉ የጎርፍ ውሃ የሚመጥ ሞተር በእሳቸው እጅ ነበር፤ የሞተሩ ነዳጅም እንዲሁ። አንድ አለቃ ለግብዣ መብራት ብሎ ነዳጁን አዘዘ፣ እሳቸውም አወጡለት። በዚያው ሳምንት ወንዙ ሞልቶ ገባ። ሞተሩ ደረቅ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ጨርቁ ሁሉ ሲንሳፈፍ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው አዩ። «ዕቃ ማለት በተፈለገ ጊዜ የሚገኝ ነው፤ ካልተገኘ ዕቃ አይባልም» አሉኝ። በዚያን ቀን አዘንኩላቸው። በሚቀጥለው ጨለማ ግን ሐዘኔ ረዥም ዕድሜ አልነበረውም።

ከዚያ ብርቄ መጣች። ፋብሪካ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበረች፤ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ቀልደኛ፣ የማትፈራ ሴት። የሌሊት ፈረቃ ልጆቼን ነጠቀኝ ብላ ሥራውን ትታ፣ ያላትን ጥሪት በሙሉ አውጥታ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን ገዛች። ቤቱን ከመከራየቷ በፊት እኔ ባለሁበት ጋሽ ደምሰውን ጠየቀቻቸው። «መብራት ከጠፋብኝ እንቁላሉ ይሞትብኛል። እዚህ መብራቱ እንዴት ነው?» አለች። ጋሽ ደምሰው ከረጢት የለበሰውን ማሽን በኩራት አሳዩዋት። «ይሄ ታዲያ ምን ሊሠራ ተቀምጧል?» አሏት። እሷም ቤቱን ያዘች። የመጀመሪያው ፍልፍል አማረላት፤ ግቢው በጫጩት ተሞላ፣ የደብረ ዘይት ደንበኞች መመላለስ ጀመሩ። ሁለተኛውን ስታስገባ ማሽኑን አፉ ድረስ ሞላችው። ይህ ካማረላት ልጆቿን ይዛ ፋብሪካ የሚባል በር ዳግም አትረግጥም።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ፤ እንዲህ ያለ በረዶ እንኳን አይቼ ሰምቼም አላውቅ። ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ትራንስፎርመር ጓ ብሎ ፈነዳ፣ ጭሱን ሁላችንም ከግቢው ቆመን አየነው። ብርቄ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠች የጋሽ ደምሰውን በር መታች።

«ጋሽ ደምሰው፣ ያስነሡልኝ! ጫጩቶቹ ዛጎላቸው ውስጥ ሆነው መጮህ ጀምረዋል። ሊወጡ ነው!»

«ታገሺ፣ መቆራረጥ ነው።»

«ትራንስፎርመር ፈንድቶ?»

«ይጠግኑታል።»

«እንግዲያው ሳሪስ እህቴ ቤት ልውሰደው። ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ እዚያ መብራት አለ። ጋሪ አቁሜያለሁ።»

«በዚህ ዝናብ በጋሪ ልታንገጫግጪው? ማሽን እያለልሽ? ተይ እንጂ! ክፉ ቀን ከሆነ እኔው ራሴ አስነሣልሻለሁ አልኩሽ።»

አመነቻቸው። ጋሪውን መለሰችው። ውሃ እያፈላን በጄሪካን ሞልተን ማሽኑ ውስጥ ደረደርን፣ ብርድ ልብስ ጫንን። ጋሽ ደምሰው የጄኔሬተሩን ብርድ ልብስ ገፈው አመጡልን። እንዲህ ያለ ነገር በእሳቸው ዘንድ ተደርጎ ስለማያውቅ ሁላችንም ገረመን። ከዚያ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡና ጠፉ። መሽቶ ጭቃ በጭቃ ሆነው ተመለሱ። በማግስቱም እንዲሁ ገና በጠዋቱ ወጡ። ጥያቄያችንን ሸሽተው ነው ብዬ ከብርቄ ጋር አብሬ አማኋቸው፤ አማኋቸው ብቻ ሳይሆን ረገምኳቸው።

ብርቄ አንድ እንቁላል አንሥታ ጆሮዬ ላይ አደረገችው። በጣም ቀጭን የሆነ ጭጭታ ከዛጎሉ ውስጥ ይሰማል። ትንሽ ቆይታ ሌላ ሰጠችኝ፤ እዚያኛው ውስጥ ምንም አልነበረም። እሷ አንዱን ታነሣለች፣ ታዳምጣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ ላይ ማዳመጧን አቆመች። ወደ ግቢው መሐል ወጣችና ከመንገድ በተመለሱት ሽማግሌ ፊት ቆመች።

«ይሄ ክፉ ቀን ካልሆነ ክፉ ቀን የትኛው ነው? ይንገሩኝ!» ብላ ጮኸች።

ጋሽ ደምሰው ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ሲሊንደሩን ይዘዋል። ሙሉ ሲሊንደር ጎረምሳ እንኳ በሁለት እጁ አቅፎ፣ እያማጠ ነው የሚያነሣው። እሳቸው በአንድ እጃቸው አንጠልጥለውት መጡ። ያኔ የሁላችንም ዓይን ሲሊንደሩ ላይ ቀረ። እሳቸው ግን ሥርዓቱን አላጓደሉም። ዋናውን ማጥፊያ አወረዱ፣ ጎማውን ገጠሙ፣ የሳሙናውን አረፋ ከዳር እስከ ዳር ቀቡት፣ ገመዱን ሳቡ። ማሽኑ አንድ ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ደግመው ሳቡ። ደግመው ሳቡ። እሑድ እሑድ «እንዳይሰንፍ» የተባለለት ማሽን ለክፉ ቀን የተቀመጠውን ጋዝ ጥቂት በጥቂት በልቶ ጨርሶታል። በክፉ ቀን ያልነኩትን በሰላም ቀን በሙከራ ፈጁት! ይህን የሚያህል ሞኝነት ከሌላ ሰው ብሰማ ተረት ነው እል ነበር።

«ባዶ ነው?» አለች ብርቄ። «ጋሽ ደምሰው፣ ያውቁ ነበር?»

«ጎማው አፈትልኮበት ይሆናል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ሁላችንም ጎማውን አየነው። አረፋው እንደተቀባ ተቀምጧል፤ አሁንም፣ ጋዝ በነበረበት በሰኔው ሙከራም የትም ቦታ አልተነፋም። ያንን ማንበብ ደግሞ በየዓመቱ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ሁሉ እንቁላል አንድም ጫጩት በሕይወት አልወጣም። ብርቄ ማሽኑን ሸጣ፣ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ሌሊት ፈረቃው ተመለሰች። በኋላ ሸምሱ እንደነገረኝ፣ ሽማግሌው እነዚያን ሁለት ቀናት ሲጠፉ የነበሩት ጋዝ ፍለጋ ነው። ያን ሰሞን የሲሊንደር ጋዝ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። በዝናብ እስከ ቃሊቲ፣ እስከ ገላን በእግራቸው እየዞሩ ጠይቀዋል። ሲሊንደሩን ግን ይዘው አልሄዱም፤ ባዶ መሆኑን ሰው እንዳያይባቸው። «ጋዝ ቢያገኙስ በምን ሊይዙት ነበር?» ብዬ ሸምሱ ላይ ጮኽኩበት። «እኔን ምን ትቆጪኛለሽ?» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ሰውዬው አላውቅም፣ የለኝም፣ አለቀብኝ የሚሉት ቃላት አፋቸው ውስጥ የሉም። ስንት ክረምት ሙሉ ሲያስተምሩን የኖሩ ሰው «ባዶ ነው» የሚል ሁለት ቃል አቃታቸው።

ጋሽ ደምሰው ለዕርቅ ሽማግሌ ልከው ነበር። የዕድሩ ሰዎች መጥተው ብርቄን ለመኗት። ስለ እግዚአብሔር ሲሏት ተነሥታ «ይቅር ብያለሁ» አለችና ጉልበቷን ሊስሙ ያጎነበሱትን ሰዎች ቀና አድርጋ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይመርቁ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ደምሰው «እንደምን አደርሽ» ሲሏት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፣ መልሳ ግን አትጠይቃቸውም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳት ልጆቿን ይዛ ሄደች። ስትወጣ ያቀፈችው ሁሉንም ነው፤ እሳቸውን ግን እጅ ነስታ አለፈቻቸው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣብን። ጋሽ ደምሰው ሲሊንደሮች ገዝተው በበረንዳቸው ደረደሩ፤ መብራት ዓይኑን ጨፈን ባደረገ ቁጥር ያንን ማሽን ማስነሣት ጀመሩ። በጠራራ ፀሐይ ያስነሡታል። ማንም ግቢ ውስጥ ሳይኖር ያስነሡታል። ድምፁ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፤ ደብተር ማረም ቀርቶ ማሰብ አይቻልም። ስንት ዓመት አብሩልን ብለን የለመንን ሰዎች በተራችን አጥፉልን ብለን ለመንን።

«ጋሽ ደምሰው፣ መቆራረጥ እኮ ነው!» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ጆሮዬን ይዤ።

«ማን ያውቃል» አሉኝ። ማሽኑ ጎን በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል። ጣታቸውንም አልቀሰሩም።

ሸምሱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይል ነበር። እኔም እየሳቅሁ እስማማለሁ፣ ግን ያን ጊዜ የምስቀው ሳቅ ደስ አይለኝም ነበር። ቆይቼ ሌላ ቤት አግኝቼ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ ሲጠይቁኝ ጫጫታውን ምክንያት አደረግሁ።

ልቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሰለሞን በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል። አንድ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳለ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ብርቄ ናት። ከቱሉ ዲምቱ ሁለት ሚኒባስ ቀያይራ ነው የመጣችው። አመጣጧ አስገረመኝ፤ ገጽታዬ ላይ ሳታየው አልቀረችም።

«ባለፈው ክረምት እኔ ጋ መጥተው ነበር» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ማን? እሳቸው?»

«እሳቸው። ያለሁት አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ ሳላቸውን ሰምቼ ነው በር የከፈትኩት። እስኪተነፍሱ እንኳ አልጠበቁም። ‹ባዶ መሆኑን አውቅ ነበር። አፍሬ ነው› አሉኝ። በቃ። ጎማ የለ፣ አረፋ የለ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ ቲቸር? ያን ዕለት ይህችን ቢሉኝ ኖሮ እኮ እንቁላሌን ጭኜ ሳሪስ ነበርኩ። ይህን ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። የበሩን መቃን ተደግፈው ቆመው አየሁና ‹ይግቡ› አልኳቸው። ሻይ ልጥድ ስነሣ መብራቱ ድርግም አለ።»

ልቅሶ ቤት መሆናችንን ረስቼ ሳቄ አመለጠኝ፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። «በይ እንግዲህ፣ ምን አሉ?»

«ምንም» አለች ብርቄ፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወርዶ ነበር። «መብራቱ እስኪመጣ ጨለማው ውስጥ አብረን ተቀመጥን። አንድም ነገር አላስተማሩኝም።»